በቆሎዎቹ ሊጠብሱኝ ሲሉ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ በቆሎ ሰው ሲልጥ አየሁ። የሚላጠው ሰው እኔ ነበርኩ።

የተኛሁት በሐሳብ ነው። የሰፈራችን ጭማቂ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ዘውድነሽ ጠዋት ቤታችን መጥተው ኩርሽሜን ሊቀምሱ ቀጠሮ ይዘዋል። ኩርሽም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፍሬው ተፈልፍሎ፣ በጨርቅ ተጨምቆ፣ በዱቄት ተለውሶ፣ በዘይት የሚጠበስ እሸት በቆሎ ነው። ሲነከስ ከጮኸላቸው የጭማቂ ቤታቸውን የመንገድ ዳር መስኮት እንድሸጥበት ለእኔ ይሰጡኛል፤ ካልጮኸላቸው ለሳምቡሳ ሻጯ ለትርሲት። ትርሲት የምግብ ዝግጅት ሰርተፊኬቷን በላስቲክ አስለብጣ የምትዞር ናት። እኔን ያስተማረኝ ስልኬና ያቃጠልኩት ዘይት ነው፤ እሷ ስትጠብስ ግን ዘይቱ ራሱ ያዝናል።

እና በሕልሜ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ሽርጥ ያሸረጠ በቆሎ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆሟል። ሹራቤን ገፈፈኝ፤ ከሥሩ ሌላ ሹራብ ነበር፣ እሱንም ገፈፈው። ከዚያ እኛ ገበያ ላይ እሸት እንደምንፈትነው ጥፍሩን ትከሻዬ ላይ ጫን አደረገና ሚስቱን «ገና ወተት አላት፣ ለጥብስ ትሆናለች» አላት። ሚስቱ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ጨመቀችኝ። የወጣው ውሃ አልነበረም፤ ትርሲትን የሰደብኳት ስድብ ነበር፣ ጠብ ጠብ እያለ። ባልዲው ሞላ፣ ሌላ ባልዲ መጣ።

ልሮጥ ስል ወለሉ ወደ ኋላ ሮጠ። ጭማቂ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጣለኝ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማንጎዎች ከበው በቀጭን ቱቦ ይመጥጧቸዋል። ወገባቸው ድረስ ተጠጥተዋል።

«እትዬ ዘውድነሽ፣ እባክዎን የምጠብሰው እኔ መሆኔን ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ዛሬ መጠጥ ነኝ» አሉኝ።

መስኮቷ ላይ ኩርሽሞች ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊታቸው መነጽር ያደረገች ፍየል ተቀምጣለች፤ የጥብስ ተቆጣጣሪ ናት። የማይጮኸውን እሷ ትበላዋለች። ፊተኛው ኩርሽም ጣቴን ነከሰ። ፍየሏ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ምንም የለም። ክንዴን ነከሱ፣ ትከሻዬን ነከሱ፤ ዝም። ለስልሻለሁ። ያን ጊዜ ከፍየሏ ይልቅ ያስፈራኝ ሰፈርተኛው ይሄን መስማቱ ነው።

እኔ እኮ ሰው ጥርሱን የሚሰብርብኝ ነኝ ብዬ ተከራከርኩ። ፍየሏ እያመነዠከች አየችኝ።

«ምላሷ ብቻ ነው የሚንኮሻኮሸው» አለች። «እሱን ቁረጡና አምጡልኝ፤ የቀረው ለሾርባ ይሁን።»

ያ ጺማም በቆሎ መቁረጫውን ይዞ ሲጎነበስ አፌን ገጥሜ ነቃሁ።

ነግቷል። ከሳሎን ሳቅ ይሰማል። ስወጣ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከቀጠሯቸው ቀድመው መጥተው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ሳህን አለ። ለካ እናቴ፣ ጠዋት በዱቄት ልለውሰው ጨምቄ ያሳደርኩትን በቆሎ አይታ፣ ልጄ እርሾ ረስታለች ብላ ማታውኑ እርሾና ዱቄት ጨምራ አቡክታው ኖሯል። ሊጥ ሳይቦካ ምን ይሆናል አለችኝ፣ እንደ ውለታ። ሌሊቱን ኩፍ ብሏል፤ ጠዋት እሷው ጠብሳ አቅርባላቸዋለች። አንዱን አንስቼ ነከስኩ። እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፣ ይኮመጥጣል፣ ድምፅ የሚባል የለውም።

አፌን ከፍቼ ላስረዳ ስል ወይዘሮ ዘውድነሽ ሌላ አነሱ። የሚጮኸውንማ ጥርሳቸው እንደማይችለው፣ ለደንበኛ ብለው እንጂ እንደማይወዱት ነገሩን።

«ከሰኞ ጀምሮ እናትሽ መስኮቱ ላይ ይቁሙ» አሉኝ እያኘኩ። «አንቺ ሳህን ታጥቢላቸዋለሽ።»