መዝሙር የሆነው የደረጀ መልእክት

አደራጃለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ዕቃ ያጣል። ቤቱ ተዝረክርኮ ሳለ እኮ ሁሉም ያለበት ይታወቃል፤ ሱሪው ወንበሩ ላይ፣ ቁልፉ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነው። መከራው የሚጀምረው መደርደሪያ የተገዛ ዕለት ነው። እግዜርም ሰውን መጨረሻ ላይ የፈጠረው፣ ሲያደራጅ ላግዝህ እንዳይለው ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ቤቴ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከሁለቱም አገር የተለቃቀመ ሙዚቃ ተከምሯል፤ የአማርኛ ዘፈን፣ የቦረና የሠርግ ዘፈን፣ የናይሮቢ ጭፈራ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች በፍላሽ የተቀበልኩት መዝሙር። አንድ ቀን የሙዚቃ ማደራጃ ሶፍትዌር ጫንኩ። ሙዚቃህ የት ነው ያለው ብሎ ሲጠይቀኝ ኮምፒውተሩን በሙሉ አሳየሁት። ለጉምሩክ እንኳ እንደዚያ ግልጽ ሆኜ አላውቅም።

ሶፍትዌሩ ፈልጎ ሲጨርስ የአማርኛው ርዕስ ሁሉ ባዶ ሳጥን በሳጥን ሆኖ መጣ። አንዱ ዘፋኝ ደግሞ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት ስለተጻፈ ሦስት ሰው ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቪዲዮ እያየሁ ፊደሉን አስተካከልኩ፤ ሦስቱንም ሰውዬ አንድ አደረግኳቸው። የቀረኝ ‹‹ያልታወቀ›› በሚል ርዕስ የታጎረው መዓት ነበር። ሁለቱን ከፍቼ ሰማሁ፤ ሁለቱም መዝሙር ናቸው። ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ሁሉንም መርጬ በአንድ ጠቅታ ‹‹መዝሙር›› አልኳቸው። ከደብራችን ቄሶች አንዱም በአንድ ጊዜ ያን ያህል አላጠመቀም።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ደረጀ፣ ከኬላው ማዶ ኢትዮጵያ በኩል የምትኖር ሰናይት የምትባል ልጅ ወዶ፣ ሽማግሌ ልንልክ ነበር። መሪው ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ ‹‹እንደምን አደራችሁ›› ለማለት እንኳ ከአባቶቻችን ዘመን የሚጀምሩ አዛውንት። እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት እኔ ቤት ቁርስ ቀረበላቸው። ለክብራቸው መዝሙሩን ከፈትኩና በዘፈቀደ ያጫውት ብዬ ለቀቅኩት። አንድ የበገና መዝሙር አለቀ። ቀጥሎ የደረጀ ድምፅ መጣ።

ለካ ስልኩ የተሰበረ ጊዜ በውስጡ የነበረውን ሁሉ ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጦት ኖሯል። ለሰናይት የላከላት የድምፅ መልእክትም አብሮ ገብቶ፣ እኔው መዝሙር አድርጌዋለሁ።

‹‹አይዞሽ የኔ ፍቅር›› ይላል። ‹‹ጋሽ ሙሉጌታን የመረጥናቸው ደህና ኮት ስላላቸው ነው። ወሬ ከጀመሩ ግን እኔና አንቺም ሸምግለን ነው የምንጋባው።››

ላጠፋ ስጣደፍ ጭራሽ ድምፁን ጨመርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር አባቶች፤ የዘንድሮው ግን ከአፋፉ ተመልሶ ቁርስ ላይ ይቀመጣል። ደረጀ እንደጎረሰ ቀረ። ጋሽ ሙሉጌታ ኮታቸውን ዝቅ ብለው አዩና፣ ‹‹መዝሙሩ አጭር ነው›› አሉ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። አብረዋቸው የሄዱት እንደነገሩን፣ ኬላው ላይ ፖሊሱ ወዴት ነው ሲላቸው እንኳ በጣታቸው ነው ያመለከቱት።

የሰናይት አባት ቤት ደርሰው ከተቀመጡ በኋላ ጋሽ ሙሉጌታ ብድግ አሉና ልጅዎን ለልጃችን እንለምናለን ብለው ቁጭ አሉ። የሰናይት አባት ቀሪውን ጠበቁ፤ ቀሪ የለም። ፊታቸው ተለወጠ። ልጄን እንደ ኪሎ ስኳር ነው እንዴ የምትጠይቁኝ፣ ሂዱና መናገር የሚችል ሰው ይዛችሁ ኑ ብለው ሸኟቸው።

ደረጀ ይህን ሲሰማ ሮጦ ጋሽ ሙሉጌታ እግር ላይ ወደቀ። እንደልብዎ ይናገሩ፣ ዓመትም ይፍጅ እያለ ለመናቸው። እሳቸውም ቶሎ አላነሡትም፤ የጫማቸውን ስፌት በደንብ ካየ በኋላ ነው ተነሥ ያሉት።

በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ። ጋሽ ሙሉጌታ ሲናገሩ የግቢው ጥላ ዞረ፣ ምሳው በረደ፣ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ አንቀላፉ። ንግግሩ ገና መግቢያው ላይ ሳለ የሰናይት አባት እጃቸውን አነሡ።

‹‹ሰጥቻለሁ›› አሉ። ‹‹ከፈለጋችሁ ታናሽ እህቷንም እጨምራለሁ፤ ብቻ እባክዎ ይቀመጡ።››