የእትዬ ታየች ማንኪያና የስፔኑ ግድግዳ

እትዬ ታየች በየማለዳው፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ከመሳቢያ አንዲት የሻይ ማንኪያ ያወጡና የወጥ ቤታቸውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። ኳ፣ ኳ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ያዳምጣሉ። ከዚያ ማንኪያዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቷታል። ቀኑ ተጀመረ ማለት ነው።

ሜልበርን ያለን ሐበሾች በሁለት እንከፈላለን፤ ቤት የገዙና ቤት የሚያዩ። የገዙት ቅዳሜን ሣር ሲያጭዱ ይውላሉ። የሚያዩት ደግሞ ቅዳሜን ከቤት ቤት ሲዞሩ ይውላሉ፤ የሰው ቁም ሣጥን ይከፍታሉ፣ የሰው ቧንቧ ይለቃሉ፣ «ጓሮው ጠበበኝ» ብለው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ዘመድ አላውቅም፤ አክስት ካልሆነች አጎት ነው። የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ የፉትስክሬይ ሰፈርና የአካባቢው ግድግዳዎች ከፍተኛ መርማሪ፣ ክብርት እትዬ ታየች ናቸው። ኬንሲንግተን ሰፈር በመንግሥት ቤት ይኖራሉ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሸጥ ቤት አይተዋል፤ አንድም አልገዙም።

እናቴ «መኪና ካለሽ አድርሻቸው» ካለችኝ ቀን ጀምሮ ሾፌራቸውም አስተርጓሚያቸውም ነኝ። እንግሊዝኛው አይጠፋቸውም። አስተርጓሚ የሚፈልጉት ነገሩ ሁለት ጊዜ እንዲሰማ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማሪቢርኖንግ አዲስ ቤት ልናይ ገባን። ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ደላላ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ መስኮቱ ያወራል። እትዬ ታየች አልሰሙትም። በቀጥታ ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄደው ጎንበስ አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆስፒታል በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቆሻሻ የት እንደሚደበቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«እኔ ቤት አላይም ማሂዬ። ጥግ ነው የማየው።»

ከዚያ ማንኪያዋ ወጣች። ኳ፣ ኳ።

«ካርቶን!»

እጅ ለእጅ ተያይዘው የሶፋቸውን ቦታ ሲለኩ የነበሩ ባልና ሚስት ቀጥ ብለው ቆሙ። ደላላው ወደ እኔ ዞረና ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ፊቴ ጋለ።

«ቤቱ… ቀለል ያለ ነው እያሉ ነው» አልኩት።

«እንደሱ አላልኩም! ካርቶን ነው በይው!» አሉና እኔን ትተው ራሳቸው ቀጠሉ። «ካርቶን! ቦክስ! ጫማ የሚመጣበት ቦክስ!»

ደላላው ደግ ሰው ነበር፤ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የትም ሲያገኛቸው በሩን ራሱ ይከፍትላቸዋል፣ «ሚስስ ታየች፣ ዛሬስ ምን ይሉን ይሆን?» እያለ።

መሳቅ ቀላል ነው። እኔም እስቅ ነበር፤ የሰፈራችን ልጅ ሕዝቅያስና እጮኛው ፉትስክሬይ ውስጥ ለአንድ ቤት ሊፈርሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው እንዲያዩላቸው እትዬ ታየችን እስከለመኑበት ቀን ድረስ። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። እሳቸው መኝታ ቤቱ ውስጥ ገብተው አንድ ጊዜ በአፍንጫቸው ሳቡ።

«ይህ ቀለም ምን ሊደብቅ ነው የተቀባው?» አሉ። «ሕዝቅያስ፣ ና ይቺን ቁም ሣጥን ግፋት።»

ከኋላዋ ግድግዳው አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል።

«እርጥበት ነው። ልጅ ወልዳችሁ እዚህ ልታስተኙ ነው?»

ዛሬ ሕዝቅያስና ሚስቱ ሌላ ቤት ይኖራሉ፤ ልጃቸውም አንድ ቀን አስሏት አያውቅም። ክርስትናዋ ዕለት ከክርስትና እናቷ በፊት ወንበር የተሳበላቸው እትዬ ታየች ናቸው።

ስሕተት ሠርተው አያውቁም ብዬ ግን አልዋሽም። አንዴ ቤት መንገድ ላይ ወደሚሸጥበት ጨረታ ሄድን፤ እዚያ እጅ ያነሣ ዋጋ ጨመረ ማለት ነው። ልናይ ብቻ ነበር። አጫራቹ ሰውዬ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠራ እትዬ ታየች ደነገጡ፤ «በስመ አብ!» ብለው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። ሰውዬው በጣቱ አመለከታቸው፤ አመሰገናቸው፤ ዋጋውን ጨመረ። የተጨመረውን ሲሰሙ የባሰ ደንግጠው እንደገና አማተቡ። እንደገና አመሰገናቸው። በራሳቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጨምረው ነበር ክንዳቸውን የያዝኩት።

«ልቀቂኝ እንጂ፣ ልጨርስ! ማማተብ በግማሽ ይቀራል እንዴ?»

እግዚአብሔር ይስጠው፣ ዛፉ ሥር የቆመ ባለ ባርኔጣ እጁን አነሣና ቤቱን ወሰደው። በመኪና ስንመለስ፣

«ያ ሰውዬ ባይኖር ቤቱ የእኔ ነበር አይደል?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

መስኮቱን እያዩ ትንሽ አሰቡ። «ካርቶን!»

ታዲያ ካርቶን ያልሆነ ቤት የት ይገኛል? ለዚህ ጥያቄ እትዬ ታየች አንድ መልስ ብቻ ነው ያላቸው፤ ስፔን፣ ባሕሩ ዳር።

ነገሩ የሚጀምረው ከሆስፒታሉ ነው። እሳቸውና ባልደረባቸው እትዬ ራሕዋ በጎረቤት ክፍሎች ያጸዱ ነበር። በሥራ ሰዓት መነጋገር ስለማይፈቀድ በሻይ ማንኪያ ግድግዳ እየመቱ ይጠራሩ ነበር። ሁለት ምት፣ «ሻይ ደርሷል።» ሦስት ምት፣ «አለቃችን እየመጣች ነው።» አራት ምት፣ «ሥራሽን ጥለሽ ነይ።» አራት የተመታው አንድ ቀን ብቻ ነው። እትዬ ታየች አንድ በሽተኛ ትቶት የሄደውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ከቆሻሻ ጋር ሊጥሉ ሲሉ የነሐሴው ሥዕል ታያቸው፤ የስፔን ጠረፍ፣ ነጫጭ የድንጋይ ቤቶች፣ ከሥራቸው ባሕር።

እትዬ ራሕዋ መወልወያቸውን ይዘው ሮጠው መጡና አዩት።

«ይሄ ባሕር ቀለም ነው» አሉ። «እንዲህ ያለ ሰማያዊ የለም።»

«ቢኖርስ?»

«ካለማ ጡረታ ስንወጣ እንገዛለን። አንድ ቤት ግን አይሆንም፣ እንጣላለን። ሁለት ቤት፣ በመካከል አንድ ግድግዳ።»

በመካከል ያለውን ግድግዳ መጀመሪያ ያገኙት ግን ኬንሲንግተን ነው። ለምነው፣ ደጅ ጠንተው፣ ጎን ለጎን የመንግሥት ቤት ተሰጣቸው። ቅዳሜ ቅዳሜም አብረው ቤት ማየት ጀመሩ፤ «ለስፔኑ ዓይናችንን እናሠልጥን» እያሉ። እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት ልምምድ ነበር።

ከዚያ አገር ቤት ጦርነት ሆነ፤ ዘመዶቻቸው በሁለት ወገን ቆሙ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አንደኛቸው አንድ ቃል ተናገሩ፤ ሌላኛቸው አንድ ቃል መለሱ። ቃሎቹን ሁለቱም ነግረውኛል፤ ሁለቱም አፍረው ነው የነገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ሊፍት ውስጥ ቢገናኙ አንዳቸው ጣሪያ፣ አንዳቸው ወለል ያያሉ።

ማለዳ ማለዳ ግን ኳ፣ ኳ። ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ፣ ኳ፣ ኳ። ይህ ቀርቶ አያውቅም። እኔም ረጅም ጊዜ ግድግዳ መመርመር ሱስ ሆኖባቸው ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ማለዳ ወጥ ቤታቸው ቆሜ መልሱን በጆሮዬ እስክሰማ ድረስ።

በዚህ ክረምት እትዬ ታየች የጡረታ ገንዘባቸው የሚችለው ቤት ስፔን ውስጥ አገኙ። አንድ መኝታ፣ ትንሽ ሰገነት፤ ትንሽ ዘንበል ካሉ ባሕሩ ይታያል። ባለቤቱ እስከ ዓርብ መልስ ካልተሰጠው ለሌላ ይሸጣል።

«አሁን ካልሆነ አይሆንም» አሉኝ። «ጉልበቴ ዓመት ቢጠብቀኝ ነው።»

ሐሙስ ከሥራ መልስ በስልኬ ቪዲዮ ቤቱን አየን። እዚያ ገና ጠዋት ነበር። ፓኮ የሚባል ሳቂታ ደላላ ከክፍል ክፍል አዞረን። ጥጉን አዩ፤ ሌላውን ጥግ አዩ፤ መታጠቢያ ቤቱን በሽተኛ እንደሚያይ ሐኪም አዩ። ምንም አላገኙም።

«ግድግዳውን በማንኪያ ይምታልኝ በይው።»

ቤቱ ባዶ ነው፣ ማንኪያ የለም፣ አለ ፓኮ።

«ቤት ሊሸጥ ያለ ማንኪያ መጣ?»

በቁልፉ መታው። እትዬ ታየች ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ «ካርቶን!» እስኪሉ ጠበቅሁ።

«ድንጋይ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ማሂዬ፣ ድንጋይ።» ከዚያ ቶሎ ብለው፣ «ከግድግዳው ወዲያ ማን ይኖራል በይው።»

ማንም፣ አለ ፓኮ በኩራት። ጎረቤቱ በበጋ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚመጣው። አሥር ወር ጸጥታ ነው፣ ሰው የለም!

«እንደገና ይምታው።»

መታው። እትዬ ታየች አዳመጡ። ስልኩን ከጆሯቸው አላነሱም፤ ሰውየው መምታቱን ጨርሶ ሄሎ፣ ሄሎ ሲል እንኳ ያዳምጡ ነበር። መልሱን እየጠበቁ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በቃ፣ ይሄም ቀረ ብዬ አሰብኩ።

«ጠይቂልኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሥር ወር ባዶ ከሆነ ያም ይሸጣል እንዴ?»

ጠየቅሁ። ፓኮ ራሱን አከከና ባለቤቱ አርጅቷል፣ ብትጠይቁት እምቢ የሚል አይመስለኝም አለ።

ዓርብ ማለዳ መልሱን ልጽፍላቸው ስሄድ ማንኪያዋን ይዘው ግድግዳው ፊት ቆመው ነበር። አልተቀመጡም፣ ሰላምም አላሉኝ። መቱ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ግድግዳው ዝም አለ። እትዬ ታየች ማንኪያዋን አስቀመጡ፣ አነሱ፣ ደግመው አስቀመጡ። ከዚያ በሩ ተመታ፤ በእጅ ሳይሆን በብረት።

እትዬ ራሕዋ ነበሩ። በአንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ፣ በአንድ እግራቸው ካልሲ፣ በእጃቸው የሻይ ማንኪያ። ሁለቱም ቆሙ። እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ ጥጉን አየሁ፤ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ከሁለቱ አንዳቸው ተናገሩ፣ በሩም ተዘጋ፤ ጥቂት ቆይቶ እትዬ ራሕዋ ስልኬ ላይ አጎንብሰው ባሕሩን ያዩ ነበር።

«ቀለም ነው» አሉ።

«ሄደን እናያለን» አሉ እትዬ ታየች። «ቀለም ከሆነ እጃችን ላይ ይለቃል።»

ለፓኮ የላክሁት ደብዳቤ ሁለት ስም አለው፣ ሁለት ቤት ይጠይቃል። ለመስከረም ሁለት ትኬት ቡክ አድርጌያለሁ። ሁለቱም ማንኪያ ይዘው ይሄዳሉ።

ስለ እሳቸው እንደምጽፍ ስነግራቸው እትዬ ታየች ብዙም አልተግደረደሩም። «ካርቶኑን ጻፊ» አሉ። «ማማተቤንም ጻፊ፣ ሰው ይሳቅ። የራሕዋን ካልሲ እንዳትረሺ። አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ፤ ማሪያምን፣ እሱን ከጻፍሽ አላይሽም።»

ይቅር ይበሉኝ እትዬ። በሩ ላይ ቀድመው የተናገሩት እርስዎ ነዎት።