አለቃውን ያሰናበተው ቦርድና ያልተከፈተለት በር

ዕለት፦ ማክሰኞ፣ ወር በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት (የተጀመረው 3፡40)።

ቦታ፦ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ «ግልጽነት» በሚባለው መስኮት የሌለው አዳራሽ።

የተገኙ፦
1. የቦርዱ ሰብሳቢ (የመሥራቹ ባለቤት ታላቅ ወንድም)
2. የኩባንያው ጠበቃ
3. የገበያ ኃላፊዋ፣ በባልደረቦቻቸው አጠራር «ማሚቶ»
4. ምክትል ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ፣ መሐንዲስ
5. ፀሐፊዋ፣ ያለ ድምፅ

ያልተገኙ፦ መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚው። ምክንያት፦ ስብሰባ መኖሩ አልተነገራቸውም።

ከአምስቱ የቦርድ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው በሩ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ በእጃቸው ገፋ አድርገው ካረጋገጡ በኋላ ስብሰባውን ከፍተዋል።

አጀንዳ 1፦ የመሥራቹ ስንብት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ መሥራቹ ፊት አይቶ የሚከፈት በር ሠርተው በአርባ አገር የሸጡ፣ «ቁልፍ ድሮ ቀረ» ያሰኙ ታላቅ ሰው ናቸው። ሆኖም ሰባ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ወር ስለ አዲሱ በር ለጋዜጠኞች ሲያብራሩ በራሳቸው ዐረፍተ ነገር መካከል እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ «በቃኝ» ብለው ነበር፤ የሽኝቱ ንግግር እየጣፈጣቸው ሦስቱንም ጊዜ ሳይሄዱ ቀርተዋል። ስለዚህ አሁን እሳቸው ሳይሰሙ እንዲሸኙ ሐሳብ ቀርቧል።

ጠበቃው «ስንብት» የሚለው ቃል ይከብዳል ብለዋል። ማሚቶም ይከብዳል ብለዋል። ሰብሳቢው ቃሉ ምንም አይልም ሲሉ፣ ማሚቶ እንዲያውም ቀለል ያለ ነው ብለዋል። በመጨረሻ «ከፍ ያለ ዕረፍት» እንዲባል ተስማምተዋል።

ለመሥራቹ ሐውልት በመኪና ማቆሚያው ላይ እንዲቆም የቀረበው ሐሳብ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ወስዷል። ፊቱ ወደ ሕንፃው ከዞረ በሠራተኛው ሁሉ ላይ ሲያፈጥ ይውላል፤ ጀርባውን ከሰጠ ደግሞ ያኮረፈ ይመስላል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሐውልቱ በጎን እንዲቆም፣ መሥራቹም ከዛሬ ጀምሮ ከፍ ያለ ዕረፍት እንዲያደርጉ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ተተኪውን መሾም

ኩባንያውን ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በተግባር የመሩት ምክትሏ እንደሆኑ የካደ አልነበረም። ችግሩም ከዚሁ ተነሥቷል። ጠበቃው «ሴትነቷን አይደለም የማነሣው» ካሉ በኋላ ለስድስት ደቂቃ ሴትነታቸውን አንሥተዋል። ቀጥለውም፣ ሥራ የሚያውቅ አለቃ ጥያቄ ያበዛል ሲሉ ስጋታቸውን ገልጸዋል።

ሰብሳቢው በበኩላቸው «እሷን ከሾምናት ሥራውን ማን ይሠራል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ምክትሏ «እስከ ዛሬ የሠራችው ትሠራዋለች ጋሼ፤ ስሟ ብቻ ይጻፍላት» ብለዋል። አክለውም፣ ሌላ ኩባንያ በዋና ኃላፊነት እንደፈለጋቸው፣ መልሱን እስከ ቀኑ 6፡00 ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ እዚህ ሦስት ጊዜ «በሚቀጥለው ያንቺ ነው» እንደተባሉና አራተኛውን እንደማይጠብቁ አስታውቀዋል። (ባለቤታቸው ጠዋት በስልክ «ዛሬም 'በሚቀጥለው' ካሉሽ፣ እባክሽ እራት ላይ የእነሱን ወሬ እንዳታነሺብኝ» ማለታቸውን ፀሐፊዋ በአሳንሰር ውስጥ ሰምታለች። ይህ ለማስታወሻ ብቻ ነው።)

ምክትሏ በራሳቸው ጉዳይ ድምፅ ሳይሰጡ፣ በሁለት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ከ4፡50 ጀምሮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነዋል። ድምፀ ተዓቅቦው የማሚቶ ሲሆን፣ የሰጡት ምክንያት «ትንሽ ልየው» የሚል ነው። ጭብጨባ ነበረ።

አጀንዳ 3፦ በሩ (በስብሰባው ላይ የተጨመረ)

በ4፡52 ማሚቶ ውሳኔውን በታብሌታቸው መዝግበው የመሥራቹን ስም በሮቹ ከሚያነቡት የሠራተኞች መዝገብ ሰርዘዋል። ወዲያው የአዳራሹ በር መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተለውጧል። ሰብሳቢው ሦስት ጠርሙስ ውኃ ጠጥተው ስለነበር ለአጭር ጉዳይ ተነሥተው ፊታቸውን ለበሩ አሳይተዋል። በሩ «አላውቅዎትም» ብሏል። መነጽራቸውን አውልቀው አሳይተዋል። በሩ አቋሙን አልለወጠም።

ምክትሏ እንዳብራሩት፣ በመዝገቡ ላይ ሠራተኛው ሁሉ የተንጠለጠለው ከመሥራቹ ሥር ነው። «ግንዱን ነቅላችሁ ቅርንጫፉ አየር ላይ እንዲቀር ፈለጋችሁ?» ሲሉም ጠይቀዋል። አዲስ አለቃ ለመመዝገብ የቀድሞው አለቃ ፊት እንደሚያስፈልግ አክለዋል። ይህንን ከሦስት ዓመት በፊት በጽሑፍ አሳውቀው እንደነበር ሲያስታውሱ፣ ሰብሳቢው ወረቀቱ ረጅም ስለነበር እንዳልተነበበ አስረድተዋል።

ከውጭ የነበረው ጥበቃ ተጠርቷል። የተቀጠረው በሌላ ድርጅት በኩል ስለሆነ በሕንፃው ውስጥ ስሙ ያልተሰረዘው እሱ ብቻ ነው። ሆኖም የእሱ ፊት የሚከፍተው ሽንት ቤቱን ብቻ እንደሆነ በበሩ ሥር ተናግሯል። ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

ምክትሏ፣ ማጠፊያው በአራት ብሎን የተያዘ በመሆኑ፣ ጥበቃው መፍቻ በበሩ ሥር ካቀበላቸው በስምንት ደቂቃ እንደሚፈቱት ተናግረዋል። መፍቻው ወዲያው ገብቷል። ጠበቃው ግን ዘለው በሩ ፊት በመቆም «አበድሽ እንዴ? የእኛ በር በመፍቻ እንደሚከፈት አርባ አገር ይስማ?» ብለዋል። ምክትሏ በሮቹ እንዲህ መሸጣቸው ነው ሊያሳስበን የሚገባው ብለው ነበር፤ ሐሳቡ ከአጀንዳው ውጭ ስለሆነ ታልፏል። በሩ በመፍቻ እንዳይነካ በሦስት ለአንድ ተወስኗል። ተቃዋሚዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ናቸው።

በ5፡20 ወደ መሥራቹ ቤት ተደውሏል። ያነሡት ባለቤታቸው ሲሆኑ፣ «አንተ ወንድሜ ነህ ወይስ ባላጋራዬ? ሰውዬው ጽጌረዳውን እየገረዘ 'ለአገልግሎትዎ እናመሰግናለን' የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ይላክበታል?» ሲሉ ሰብሳቢውን ጠይቀዋል። ሰብሳቢው መልእክቱን የላከው ማሽኑ ነው ብለዋል። ማሚቶም ማሽኑ ነው ብለዋል።

ከዚያ መሥራቹ ቀርበው፣ ፊታቸውን ለማሳየት ፈቃደኛ እንደሆኑ፣ ነገር ግን «የማን ፊት ብዬ ላሳይ? የተባረረ ሰው ፊት በር ይከፍታል እንዴ?» ብለዋል። የዛሬው ቃለ ጉባኤ እንዲነበብላቸውም ጠይቀዋል። ፀሐፊዋ እንቅልፉን ጨምሮ አንብባለች። ሰብሳቢው «ሐሳቡ የጠበቃው ነበር»፣ ጠበቃው «የሰብሳቢው ነበር»፣ ማሚቶ «እኔ ድምፄን አቅቤያለሁ» ብለዋል። መሥራቹ ጠዋት የተወሰነው ሁሉ ካልተሻረ ወደ ጽጌረዳቸው እንደሚመለሱ አስታውቀዋል።

በ5፡46 ምክትሏ «እኔ አሁን እከፍተዋለሁ፤ ወይም እሳቸው ሲፈልጉ ይከፍቱታል። ምረጡ» ብለዋል።

ሰብሳቢው ወንበራቸው ላይ እየተቁነጠነጡ «እህቴ፣ የሚቀጥለው መቼም ያንቺ ነው» ብለዋል።

ከዚህ በኋላ ምክትሏ ድምፅ ሳይጠይቁ መፍቻውን አንሥተዋል። አራቱን ብሎን ፈትተው በሩን ከግድግዳው ጋር አስደግፈዋል። ጊዜው 5፡55 ነበር። ሲወጡም «ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ በግራ ነው» ብለዋል። አሳንሰሩም ስለማያውቃቸው ዘጠኙን ፎቅ በእግራቸው ወርደዋል። በደረጃው ላይ በስልክ «አዎ፣ ሰኞ እጀምራለሁ» ሲሉ ተሰምተዋል።

ጠበቃው፣ በሩ የተከፈተው ያለ ፈቃድ በመሆኑ በሕግ ዐይን እንደተዘጋ ይቆጠራል ብለዋል። በመሆኑም የቀሩት አባላት መሥራቹ ምሳቸውን እስኪጨርሱ ድረስ በተከፈተው በር ውስጥ ተቀምጠው ጠብቀዋል። የሰብሳቢውን ሁኔታ በዚህ ቃለ ጉባኤ ማስፈር ተገቢ ሆኖ አልተገኘም። በማግስቱ አዲስ ሱሪ መግዛታቸው ግን ይታወቃል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ የመሥራቹ ከፍ ያለ ዕረፍት፣ የምክትሏ ሹመትና በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሌላው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ ሐውልቱ ብቻ በመሥራቹ ጥያቄ እንዲጸና፣ ፊቱም ወደ ሕንፃው እንዲዞር፤ ምክትሏ በአስቸኳይ ተፈልገው በሩን እንዲገጥሙ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

በ7፡35 የመሥራቹ ፊት በስልክ ደርሶ ስማቸው ወደ መዝገቡ ሲመለስ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። አባላቱም በማዕረግ ቅደም ተከተል ተሰልፈው፣ ግድግዳ ለተደገፈው በር አንድ በአንድ ፊታቸውን እያሳዩ ሲወጡ ስብሰባው ተጠናቅቋል።