ዜሮና አንድ ስለተምታቱበት ፋይል

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጁላይ 14 ቀን 2015
ቦታ፦ ሞንቴቪዴዎ፣ የክሪስታል ጥናት ክፍል፣ ማሞቂያው የሚሠራበት ጠባቡ ቢሮ
የተገኙ፦ ዶክተር ሚርታ ኢሪጎየን (ሰብሳቢ)፣ ዋልዴማር ፔሬይራ (ተመራማሪ)፣ ኦፌሊያ ቢደጋይን (ቴክኒሻን)፣ ሴልሚራ ኑኜስ (ጸሐፊ)

አራቱም አባላት ተገኝተዋል። አቶ ዋልዴማርና ወይዘሮ ኦፌሊያ ከተኮራረፉ ሦስት ሳምንት ስለሆናቸው በሰብሳቢዋ በኩል እንዲነጋገሩ ተፈቅዶ ስብሰባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የፋይሉ ጉዳይ

ሰብሳቢዋ እንዳስረዱት፣ የቻጋስን በሽታ ከሚያመጣው ተውሳክ የተገኘውን ፕሮቲን ክሪስታል ለማብቀል ሁለት ዓመት ፈጅቷል። የተፈለገው የሙከራ መድኃኒቱ ፕሮቲኑ ላይ መያዝ አለመያዙን ማየት ነው። የኤክስሬዩ ልኬት የተጻፈበትን ፋይል የፕሮቲኑን ቅርጽ ሞዴል የሚያርመው ፕሮግራም ስለማያነብ ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል መገልበጥ ነበረበት። ከየመቶው ልኬት ዘጠና አምስቱ ለማረሚያ፣ አምስቱ ለፈተና ነው። የፈተናው ምልክት በአሮጌው ፋይል ዜሮ፣ በአዲሱ ፕሮግራም አንድ ነው። ይህ ስለተዘነጋ ሞዴሉ በአምስቱ ተምሮ በዘጠና አምስቱ ተፈትኗል። ወድቋል።

አቶ ዋልዴማር ሞዴሉ ከማረሚያ ልኬቶቹ ጋር መግጠሙን የሚያሳየው የማረሚያው ቁጥር ግን እጅግ ያማረ እንደነበርና ለኮርዶባው ጉባኤ እንዳሳወቁት ገልጸው፣ ጥፋቱ የገለበጠው ሰው ነው አሉ። ወይዘሮ ኦፌሊያ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ የገልባጩ ስም ስላለ አቶ ዋልዴማር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡት በሰብሳቢዋ በኩል ጠየቁ። ስሙ የአቶ ዋልዴማር ሆኖ ተገኘ።

«አንቺን ከመለመን ብዬ ነው» ብለዋቸዋል አቶ ዋልዴማር ወይዘሮ ኦፌሊያን። ይህ በቀጥታ የተነገረ በመሆኑ እንዲመዘገብ ታዟል።

አጀንዳ 2፦ እንዳይደገም

አቶ ዋልዴማር የሁለቱ ፕሮግራሞች ደራሲዎች በአንድ ምልክት እንዲስማሙ ደብዳቤ ይጻፍ አሉ። ማን ለማን ይሸነፍ በሚለው ላይ ሃምሳ ደቂቃ ክርክር ተደረገ። በመሐሉ አቶ ዋልዴማር «አመሰግናለሁ» በማለታቸው፣ በዙር የሚጠጣው ትኩሱ የቅጠል መጠጥ ማቴ አለፋቸው፤ በማቴ ዙር «አመሰግናለሁ» ማለት በቃኝ ማለት ነውና። ምስጋናው ለሰብሳቢዋ እንጂ ለማቴው እንዳልነበረ ቢያስረዱም ተቀባይነት አላገኙም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ደብዳቤው እንዲጻፍ፣ ያለ ሦስት ሰው ፊርማም ማንም ፋይል እንዳይነካ ተወሰነ። ወይዘሮ ኦፌሊያ ኮምፒውተር ላይ ስለነበሩ ድምፅ አልሰጡም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወይዘሮ ኦፌሊያ ቀና ብለው «ዋልዴማር፣ ና እስቲ ይህን እየው» አሉ። ክርክሩ ሲካሄድ የፋይሉን ምልክት አስተካክለው እንደገና ገልብጠው እርማቱንም አስጀምረውት ኖሯል። የማረሚያው ቁጥር እንደ ፊተኛው አያምርም፤ ከፈተናው ቁጥር ጋር ግን ይቀራረባል። በፕሮቲኑ ጎድጓዳ ቦታም መድኃኒቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አቶ ዋልዴማር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አጥልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «እዚያው ነበር ለካ» አሉ። ቀጥለውም ለኮርዶባ ስህተቱ የእኔ ነው ብለው ራሳቸው እንደሚጽፉ፣ በጥናቱም ላይ የወይዘሮ ኦፌሊያ ስም ከስማቸው በፊት እንዲገባ አመለከቱ። ወይዘሮ ኦፌሊያ ማቴውን ሞልተው ሰጧቸው።

ጸሐፊዋ መድኃኒቱ ያለ ሦስት ፊርማ መገኘቱን፣ በጸደቀው ውሳኔ መሠረትም ሕገ ወጥ መሆኑን አሳሰበች። በመሆኑም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሮ ስብሰባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ።