ዳናዊት ከቁም ሳጥኑ ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው ጉዳይ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

የስብሰባ ቁጥር፦ 9/2018 (አስቸኳይ)
ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ አሰላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሙህሲን ጌም ቤት፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 6፡10

የተገኙ አባላት

1. አቶ ገብረ መድህን፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። የጨዋታውን አሮጌ ቅጂ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ናዝሬት ውስጥ ጨርሰዋል፤ ይህንንም በየስብሰባው ያስታውሱናል።
2. ሙህሲን፣ የቤቱ ባለቤትና የማህበሩ ንብረት ኃላፊ። ንብረት ሲባል በጨዋታው ውስጥ ያለው ጥይት፣ ፋሻና ቁልፍ ነው።
3. ወ/ሮ ጥሩነሽ፣ የጎረቤት ዳቦ ቤት ባለቤት። ኅዳር ላይ «ጩኸታችሁ ደንበኛ አባረረብኝ» ብለው ሊጣሉን መጡ፣ ወንበር ተሰጣቸው፣ ይኸው እስካሁን አልሄዱም።
4. ከዲሮ፣ የባጃጅ ሹፌር። ሲደነግጥ ወደ ውጭ የመሮጥ ልማድ ስላለው ሰው እንዳይረግጥ በሩ አጠገብ እንዲቀመጥ በስብሰባ ቁጥር 3 ተወስኗል።
5. ማሂ፣ ጆይስቲክ ያዥ።
6. ኃይለየሱስ፣ ጸሐፊ።

የቀረ አባል የለም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ወ/ሮ ጥሩነሽ ምድጃቸውን ለማየት በየአሥር ደቂቃው ስለሚነሱ፣ ምልዓተ ጉባኤው አብሯቸው እንዳይወጣ ነጠላቸውን ወንበሩ ላይ ትተው እንዲሄዱ ተስማምተዋል።

የስብሰባው መነሻ

ማህበራችን በጃፓን የተሠራውንና ዘንድሮ እንደ አዲስ ታድሶ የወጣውን አስፈሪ የሆስፒታል ጨዋታ ከኅዳር ጀምሮ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ጆይስቲክና በስድስት ሰው ምክር ሲጫወት ቆይቷል። በጨዋታው አንዲት ወጣት የጠፋች እህቷን ፍለጋ ሰው የማይኖርበት ሆስፒታል ትገባለች። የጃፓንኛ ስሟ ለአፍ ስለከበደ ዳናዊት እንድትባል በስብሰባ ቁጥር 1 ወስነናል። የሚያሳድዷት፣ ከሞቱም በኋላ ሥራቸውን ያልተዉ አንድ ሐኪም ናቸው። ወ/ሮ ጥሩነሽ «ቢሞቱም ዶክተር ናቸው፤ አንተ አይባሉም» ስላሉ በማህበሩ ሰነዶች ሁሉ አንቱ ይባላሉ።

በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ጨዋታው የሚካሄደው በቀን፣ መጋረጃ ተከፍቶ፣ አምፖል በርቶና ድምፅ ጠፍቶ ነው። ጆይስቲኩን እስከ ዛሬ የነካችው ማሂ ብቻ ናት። ሌሎቻችን ከኋላዋ ሆነን እናዝዛታለን።

ዛሬ 6 ሰዓት ላይ ዳናዊት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ያለ የአንሶላ ቁም ሳጥን ገብታ ተደብቃለች። ዶክተሩም መጥረቢያቸውን ይዘው ከቁም ሳጥኑ ፊት ቆመዋል። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው «አቁሚው! አቁሚው! ስብሰባ!» በማለታቸው ጨዋታው ባለበት እንዲቆም ተደርጓል። ጨዋታው ሴቭ የሚደረገው ዳናዊት በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ስትፈርም ብቻ ሲሆን፣ መጨረሻ የፈረመችው ረቡዕ ነው። አሁን ብትሞት ወደ ረቡዕ እንመለሳለን።

ጉዳዩን አስቸኳይ ያደረገው ማሂ አዋላጅ ነርስ ሆና አቦምሳ መመደቧ ነው። ሥራ የምትጀምረው ሰኞ ነው፤ መኪናዋ ዛሬ 8፡30 ይነሳል። ከመሄዷ በፊት እህትየዋ ትገኝ እንደሆነ ማየት እንደምትፈልግ ለጉባኤው አስታውቃለች። ሰብሳቢው ከቁም ሳጥኑ እስከ ጨዋታው መጨረሻ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው ብለዋል። ማሂም «ጊዜማ አለን፤ በቃ ልቀጥል?» ስትል ጠይቃለች። በሥርዓት እንደሚሆን ተነግሯታል።

አጀንዳ 1፦ የመስኮቱ ጉዳይ

ሰብሳቢው በቅየሳ ወረቀት ያነሱትን የሆስፒታሉን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። በአሮጌው ጨዋታ ከማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ መስኮት እንደነበረ፣ አዳሾቹ ግን መስኮቱን ደፍነው ግድግዳውን ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ እንዳስገቡት አስረድተዋል። ይህም ዓይን ያወጣ ድንበር መግፋት ነው ብለዋል። ሙህሲን ጨዋታ ሲታደስ አንዳንድ ነገር መቀየሩ ያለ ነው ሲል አስተያየት ሰጥቷል። ሰብሳቢው በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ «ማደሴ ነው» ያላለ ድንበር ገፊ አላጋጠመኝም ሲሉ መልሰዋል።

ከዲሮ የድንበር ነገር ሦስት ምስክር እንደሚፈልግ አሳስቧል። አሮጌውን ጨዋታ የሚያውቅ ሌላ ሰው በከተማው ስላልተገኘ፣ አቶ ገብረ መድህን ሦስት ጊዜ እንዲመሰክሩ ተወስኗል። ሰብሳቢው በየተራ ሦስት ወንበር ላይ ተቀምጠው መስክረዋል። ሁለተኛው ምስክር ከመጀመሪያው በግማሽ ሜትር ስለተለያዩ ሰብሳቢው ሁለተኛውን ምስክር ገሥጸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ግድግዳው እንደሌለ ተቆጥሮ ዳናዊት በዚያው እንድትወጣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል (ውሳኔ 1)። ማሂ ውሳኔውን እንደምታከብር፣ ግድግዳው ግን እንደማያሳልፍ ተናግራለች። ሰዓቱ 6፡55 ነበር።

አጀንዳ 2፦ ዶክተሩን በሚመለከት

ከዲሮ ዶክተሩ ላይ ሽማግሌ እንዲላክ ሐሳብ አቅርቧል። «ሁለት ወር ሙሉ ከመሮጥ በቀር አንድ ቀን ምን ሆነዋል ብለን ጠይቀናቸዋል?» ሲል ተከራክሯል። ወ/ሮ ጥሩነሽ ሐሳቡን ደግፈው፣ ሰው ዝም ብሎ መጥረቢያ እንደማያነሳ፣ ልጅቷም ብትሆን ሳታንኳኳ የሰው መሥሪያ ቤት እንደገባች አውስተዋል። እግረ መንገዳቸውንም እንዲህ ያለ ቦታ ብቻዋን የላኳትን ቤተሰቦቿን ክፉኛ ወቅሰዋል።

ማሂ ጆይስቲኩ ላይ ሽማግሌ የሚልክ ቁልፍ እንደሌለ አስረድታለች። ሰብሳቢው በአሮጌው ጨዋታ ኖሮ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ሙህሲን ሽማግሌ ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ እጁን እንዲያወጣ ጠይቆ አንድም እጅ አልወጣም። በዚህ መሀል ዳቦ ቤቱ ውስጥ ትሪ ወድቆ ስለጮኸ ከዲሮ «ያ ረቢ!» ብሎ ከስብሰባው ወጥቷል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ባጃጁን ሊያይ ሄዶ እንደነበር አስረድቷል። ባጃጁ የቆመው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑ በአባላት ተጠቁሟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሽማግሌ እስኪገኝ ዳናዊት ከቁም ሳጥኑ እንዳትወጣ ተወስኗል (ውሳኔ 2)። ጸሐፊው ይህ ከውሳኔ 1 ጋር እንደሚጋጭ አስታውሶ «አንተ ዝም ብለህ ጻፍ» ተብሏል። ጽፏል።

አጀንዳ 3፦ የጥይት አወጣጥ

ንብረት ኃላፊው በእጃችን ያለው ሦስት ጥይት መሆኑን ሪፖርት አቅርቧል። ማሂ ሁለቱን የዶክተሩ እግር ላይ ተኩሳ በበሩ ለመሮጥ ጠይቃለች። ሙህሲን ጥያቄው በጽሑፍ እንዲቀርብ ጠይቆ፣ የሆስፒታሉን ሁለተኛ ፎቅ ሳናይ መጋዘን ባዶ ማድረግ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ እንደሆነ ገልጿል። ወ/ሮ ጥሩነሽ እግር መምታት ነውር ነው ብለዋል። ሰብሳቢው በአሮጌው ጨዋታ ይህን ክፍል ያለ አንዲት ጥይት እንዳለፉ ተናግረዋል። እንዴት እንዳለፉ ሲጠየቁ በመስኮቱ ብለዋል።

በዚህ ላይ ማሂ «ሰባት ተኩል ሆነ እኮ!» ብላለች። አስተያየቷ ከአጀንዳው ውጭ ሆኖ ተገኝቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አንድ ጥይት ብቻ ወጪ ሆኖ ለማስጠንቀቂያ ወደ ላይ እንዲተኮስ ተወስኗል (ውሳኔ 3)። ዳናዊት ቁም ሳጥን ውስጥ ስላለች ወደ ላይ ያለው የቁም ሳጥኑ ክዳን መሆኑ በኋላ ላይ ተስተውሏል።

አጀንዳ 4፦ ጆይስቲክ ያዥ ስለመተካት

ማሂ ስትሄድ ማን እንደሚተካት ውይይት ተከፍቷል። አቶ ገብረ መድህን ደም ግፊታቸውን ጠቅሰዋል። ሙህሲን የቤቱ ባለቤት ሆኖ ቢይዝ የጥቅም ግጭት ይሆናል ብሏል። ከዲሮ እጁ እንደሚያልበው ተናግሮ ለማስረጃ እጁን አሳይቷል። ወ/ሮ ጥሩነሽ ቡሆ እንዳላቸው ገልጸዋል። ጸሐፊውን የጠየቀው የለም፤ እሱም አላስታወሳቸውም።

ስለዚህ ጨዋታው አሁን እንደቆመ ማሂ ለፋሲካ እስክትመለስ እንዲቆይ፣ ማሽኑ እንዳይጠፋ፣ አባላትም በፈረቃ እንዲጠብቁት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሙህሲን መብራት ቢሄድስ ሲል ጠይቋል። መብራት እንዳይሄድ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተጨምሮ ሐሳቡ በአራት ድምፅ ጸድቋል (ውሳኔ 4)። ማሂ ድምፅ አልሰጠችም። ሰዓቱ 8፡02 ነበር።

ከዚህ በኋላ ማሂ አርባ ደቂቃ እንዳልቀራት፣ ከመጀመሪያው ቢለቋት ኖሮ ይሄኔ ጨርሳ እንደነበር ተናግራለች። አንድ ክፍል ለማለፍ ሁለት ሰዓት የፈጀንበት ምክንያት ምን እንደሆነም ጠይቃለች። ሰብሳቢው የሥርዓት ጉዳይ ነው ሊሉ ሲጀምሩ ወ/ሮ ጥሩነሽ ከሰብሳቢው ፈቃድ ሳይጠይቁ «ካለቀማ ትሄጃለሽ!» ብለው አልቅሰዋል። ሰብሳቢው ንግግሩ ይታረም ወይ ሲባሉ ፕላናቸውን እየጠቀለሉ አይታረም ብለዋል።

ማሂ የተናገረችው ሰብሳቢው ቃል በቃል ይመዝገብ ስላሉ እንደሚከተለው ተመዝግቧል።

«ካላለቀም እሄዳለሁ እኮ፣ እትዬ! እኔ የማልፈራ መስሏችሁ ነው አይደል ሁልጊዜ ጆይስቲኩን የምትሰጡኝ? እፈራለሁ። አንድ ቀን ከእናቴ ቤት ውጭ አድሬ አላውቅም። አቦምሳ ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣብኝ ስብሰባ የሚጠራልኝ የለም። ይቺ ልጅ ስትወጣ አይቼ፣ ደስ ብሎኝ ልሂድ ነው ያልኩት። ሌላ ምን ጠየቅኳችሁ?»

ሙህሲን መሬት መሬት ሲያይ፣ ከዲሮ ሳይሮጥ ተቀምጦ ቆይቷል።

ማሂ ቦርሳዋን ካነሳች በኋላ ጆይስቲኩን በጸሐፊው መዝገብ ላይ አስቀምጣለች። «ጋሽ ኃይሌ፣ ሁለት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ኮሪደር የጻፉት እርስዎ ነዎት። ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። መንገድ ላይ ሆኜ በስልክ እሰማችኋለሁ» ብላለች። ጸሐፊው ተቃውሞውን መዝግቦ ነበር፤ መልሶ ሰርዞታል።

ወ/ሮ ጥሩነሽ አራት ትኩስ ዳቦ በፌስታል አድርገው ሰጥተዋታል፤ ግንባሯንም ስመዋታል። ከዲሮ «ኮቱ፣ እንሂድ!» ብሎ ሻንጣዋን ተሸክሟል። ሁለቱ 8፡16 ላይ በባጃጅ ዞረው ወደ መናኸሪያው በር ሄደዋል። ቀሪዎቹ አራት አባላት ምልዓተ ጉባኤ ይሙሉ አይሙሉ ክርክር ሊነሳ ሲል፣ ሰብሳቢው በማህበሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ «ደንቡን ተዉት» ብለዋል።

ውሳኔ 5

8፡24 ላይ ማሂ ከመኪናው ውስጥ ደውላለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሁሉም አባላት፣ ማሂና ከዲሮም በስልክ ተጨምረው፣ ያለ ምንም ውይይት የሚከተለውን ወስነዋል።

ሀ) ውሳኔ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ተሽረዋል። ግድግዳው ግድግዳ ነው።
ለ) ሽማግሌም ደብዳቤም አይላክም። ሦስቱም ጥይት ያለ ጥያቄ ወጪ ይሁን። ንብረት ኃላፊው ተስማምቷል፤ ፊቱ ግን ልክ አልነበረም።
ሐ) ማሂ እንድትሰማ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይከፈት።
መ) ዳናዊት አሁኑኑ ትወጣለች።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡27 ላይ ተዘግቷል። ይህ ሲጻፍ ጨዋታው ገና አልተከፈተም፤ ዶክተሩም ከቁም ሳጥኑ ፊት እንደቆሙ ናቸው። በስልኩ የመኪናው ረዳት «አቦምሳ! አቦምሳ! የሞላ!» ሲል ይሰማል። ማሂ «ጋሽ ኃይሌ፣ አለሁ፤ ይክፈቱት» ብላለች።

የሰብሳቢው ፊርማ፦ ገብረ መድህን
የጸሐፊው ፊርማ፦ ኃይለየሱስ

ማስታወሻ፦ የጸሐፊው ፊርማ ከወትሮው የተጣመመው በአንድ እጄ ጆይስቲኩን ይዤ ስለፈረምኩ ነው። የእኔው ነው።