ክዳን ቆራጩ ዘገዬ በአውራ ጣቱ ጠበል ያሻገረበት ዜና

የጠርሙስ ክዳን ከአንገቱ እንዳይለይ በአውሮፓ አገር ሁሉ በታወጀ በሁለተኛው ዓመት፣ በጀርመን አገር በቦናመስ ሰፈር፣ በቤን-ጉርዮን-ሪንግ መንገድ የሕንፃችን አሳንሰር በተሰበረ በሦስተኛው ሳምንት፣ እትዬ እታለም ለጉልበታቸው የሐኪም ቀጠሮ፣ ቴርሚን የሚሉትን፣ በያዙ በስምንተኛው ወር፣ በወርኃ ግንቦት፣ በዕለተ እሑድ፣ ሻንጣ አንሺው፣ ክዳን ቆራጩ፣ ደረቱ ከውኃ ደርቆ የማያውቀው ዘገዬ በነገሠበት ዘመን የሆነው ዜና ይህ ነው። ነገሠ ማለቴ በሁለት ክፍል ቤት ላይ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ገላነሽ ሥራ ስትገባ። ጸሐፊው እኔ ይርጋ ነኝ፣ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የማኅበራችን ቃለ ጉባኤ ያዥ። ያየሁትን እንዳየሁት ጽፌአለሁ። ያላየሁትን ዘገዬ ራሱ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል፤ ሦስቱም ስለማይገጥሙ መካከለኛውን ወስጃለሁ።

የጠቡ መነሻ እንዲህ ነበረ። ይህ ዘገዬ በአየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ሃያ ዓመት የኖረ፣ ክንዱ የጸና፣ አውራ ጣቱም ከሁሉ ይልቅ የጸና ሰው ሲሆን፣ በዕረፍቱ ሰዓት ሃይላንዱን ከፍቶ ወደ አፉ ባስጠጋ ጊዜ ክዳኒቱ በማሰሪያዋ ተንጠልጥላ ዞረችና አፍንጫውን ወጋችው፤ ውኃውም አገጩን ስቶ በደረቱ ወረደ። በማግስቱ ደግሞ ወጋችው። በሦስተኛው ቀን አለቃው የረጠበ ሸሚዙን አይቶ አሞሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ወእምዝ ዘገዬ እጅግ ተቈጣ፣ ወደ ቤቱም ገብቶ በወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አዋጅ አስነገረ።

«የሰማህ ላልሰማ ንገር! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ክዳኑ ያልተቆረጠ ሃይላንድ አይገኝ። ሰው በገዛ ውኃው አፍንጫው አይወጋም።»

ከዚያም የገላነሽን የዶሮ መቀስ ታጥቆ ዘመተ። የውኃውን ቆረጠ፣ የጭማቂውን ቆረጠ፣ የወተቱን ካርቶን እንኳ አልማረም። የተቆረጡትም ክዳኖች በየአገሩ ተበተኑ፤ ከሶፋ ሥር ገቡ፣ ከልብስ ማጠቢያው ሆድ ተገኙ፣ አንዲቱም የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን ጉሮሮ አንቃ ገደለችው። ስለ ማሽኑ ሞት ገላነሽ፣ ቢሮ በማጽዳት የምትታወቀው፣ የወለልን ነገር ከዘገዬ ይልቅ የምታውቀው፣ በበኩሏ አዋጅ አወጣች።

«ክዳኑን ያሰሩት አንተን ለማናደድ አይደለም። ለብቻው የተጣለ ክዳን መንገድ ላይ ይቀራል፣ ዝናብ ጠርጎ ማይን ወንዝ ይከተዋል፣ ዓሣ ይውጠዋል። የታሰረው ግን ከጠርሙሱ ጋር ተመልሶ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ከሶፋ ሥር ያለውን ራስህ ልቀም።»

ዘገዬም በጉልበቱ ተንበርክኮ ለቀመ፤ ልቡ ግን አልተመለሰም። ክዳን ማዞር ቀላል ነው፤ የዘገዬን ልብ ማዞር ግን ገላነሽም ከተጋቡ ጀምሮ ያልሆነላት ነገር ነው።

ወበውእቱ መዋዕል የዘገዬ አክስት እትዬ እታለም በሰባተኛው ፎቅ በግራ ጉልበታቸው ሕመም ተይዘው ተቀምጠው ነበር። እኒህ ሴት ዘገዬን እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደጉት ናቸው። የኦፕራሲዮኑ ቀን እስኪደርስ ስምንት ወር ጠብቀዋል፤ ያ ቀን ካለፈ ደግሞ ሌላ ስምንት ወር መጠበቅ ነው። እርሳቸውም እምቢ ካሉ እምቢ እንደሆኑ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል፤ አምና ነጠላ ሳልለብስ አልወጣም ብለው አምቡላንስ የመለሱ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘገዬን አስጠርተው፣ ሦስት ጊዜ አጥበው በመስኮት ያደረቁትን አንድ ሃይላንድ በእጁ አኑረው፣ እንዲህ ሲሉ አዘዙ።

«ሰኞ በጀርመን ሰባት ሰዓት ክራንከንሃውስ የምተኛበት ቴርሚን አለኝ። ጠበል ሳላገኝ ግን ቢላዋ አይነካኝም፣ ከፈለጉ ይሰርዙት። ነገ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ በዚህ አምጣልኝ። ከዕቃ ወደ ዕቃ እንዳታገላብጥብኝ፣ መሬትም እንዳታስቀምጥብኝ።»

ዘገዬም እጅ ነሥቶ ተቀበለ። በማግስቱም በማለዳ ተነሥቶ፣ ሃይላንዱን በብብቱ ይዞ፣ ምእመናን እሑድ እሑድ ከጀርመኖች ወደሚዋሱት ቤተ ክርስቲያን ወደ ሽቫንሃይም በአሥራ ሁለት ቁጥር ትራም ተጓዘ። አመል ያወጣል ከመሀል እንዲሉ፣ በትራሙ ውስጥ ያ የታሰረ ክዳን ዓይን ዓይኑን ሲያየው አላስችል አለው። መቀስ አልያዘም፤ በጥርሱ በጠሰው። ማንም አላየውም። እኔም ይህን የጻፍኩት በኋላ ራሱ ስለ ተናዘዘ ነው።

ቅዳሴ አልቆ ጠበል በተቀዳ ጊዜ ሕዝቡ በበሩ ተሰለፈ። የሰው ሁሉ ክዳን በጠርሙሱ አንገት ተንጠልጥሎ ተራውን ይጠብቃል፤ የዘገዬ ክዳን ግን ነጻ ወጥታለችና በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖራት። ዲያቆኑ ሃይላንዱን እስከ አፉ ሞላለት። ዘገዬ ዞር ሲል የአንዲት ሴት ነጠላ ጫፍ ደፉን ጠረገ፤ ክዳኒቱም ወደቀች፣ ተንከባለለች፣ ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወርዳ በውኃ ማስወረጃው ፍርግርግ ገባች። ዘገዬ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ሰማያዊት ሆና ከታች ትታየዋለች፤ ወደ ማይን ወንዝ የምትሄድበትን መንገድ ጀምራለች። ገላነሽ የተናገረችው ቃል በዚያች ሰዓት ትዝ አለው፣ ደስም አላለው።

ከዚያ በኋላ ክዳን ልመና ወጣ። ከሕዝቡ አንዱን ጠየቀ፣ ሌላውን ጠየቀ፣ የሁሉም ክዳን የታሰረ ነው። አንዱ ቆርጦ ቢሰጠው ሰጪው በተራው ክዳን የለሽ ይሆናልና ለመቁረጥ የደፈረ አልተገኘም። ጎረቤታችን ለተስላሴ የአስመራዋ፣ የአምስተኛ ፎቋ፣ ከሣቋ መለስ ብላ የወረቀት መሐረብ ሰጠችው፤ ጠቅልሎ ቢወትፈው ወረቀቱ ከአጥሩ በር ሳይደርስ ራሰና ሟሟ። እንግዲያ አለች ለተስላሴ፣ ወደ እኔ ጠርሙስ ገልብጠው። ይህንንም እንዳያደርግ የአክስቱ ትእዛዝ ከለከለው። ዘገዬ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ፍርግርጉ አየ፣ ከዚያም ሃያ ዓመት ሻንጣ ያነሣውን፣ ሐኪም ያላየውን፣ ጽኑዑን ቀኝ አውራ ጣቱን በዚያው በጠበሉ አርሶ በሃይላንዱ አፍ ተከለው። አንዲት ጠብታም አልወጣችም።

በትራሙም እየቆመ፣ በየፌርማታው እየተገፋ ሲጓዝ የሚከተሉት በዙ። ከተከተሉትም መካከል እነሆ፤ ጀይሉ፣ የቦከንሃይሙ ነጋዴ፣ ለደንበኛ በርበሬ አድርሶ የሚመለሰው፣ ዘገዬን በዚያ ሁኔታ ባየው ጊዜ ሰው በጭንቁ ሰዓት አይጠየቅም ብሎ ምንም ሳይጠይቅ ቦርሳውንና ጃንጥላውን የተሸከመለት፤ ለተስላሴ፣ የራሷን ጠርሙስ ከነታሰረ ክዳኑ ከሚገባው በላይ እያወዛወዘች የምትሄደው፤ ቡችላ የያዙ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ፣ መንገዳቸው ሌላ ሲሆን መጨረሻውን ለማየት አንድ ፌርማታ ያለፋቸው፤ በጋሪ ያለ አንድ ሕፃንም፣ ሃይላንዱን አምጡ ብሎ እስከ መሀል ከተማ ያለቀሰው። ስለ ቡችላው የተለየ የሚጻፍ ነገር የለም።

መሀል ከተማ ወርደው በምድር ውስጥ ባቡሩ በኡ-ባን ወደ ቦናመስ ሲያቀኑ ግን ፈተና መጣ። ሁለት ተቆጣጣሪዎች ገብተው ቲኬት አሳዩ የሚለውን አዋጃቸውን አሰሙ።

«ፋርሻይነ ቢተ።»

የዘገዬ ቲኬት በስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩ በኪሱ ነው። ስልኩም የሚከፈተው በቀኝ አውራ ጣት ብቻ ነው፤ የቁጥሩን ምስጢር ገላነሽ እንጂ እርሱ አያውቅም። ጀይሉ ስልኩን ከኪሱ አወጣለት፤ ዘገዬ ትንፋሹን ይዞ ቀኙን መዝዞ ግራውን ተካ፤ በዚያች ቅጽበት ባቡሩ ተወዛወዘና አንድ ጉንጭ ያህል ፈሰሰ። ለተስላሴ ማርያም አለች፣ ጀይሉም አላህ ያግዝህ አለ። የረጠበውን ጣት ግን ስልኩ አላውቀውም አለ። ሁለተኛም ነካ፣ አላውቀውም አለ። ጀይሉ የአንገቱን ሻርፕ አውልቆ የዘገዬን ጣት አንድ በአንድ ሽንሽኑ እስኪደርቅ ጠረገ፤ ጣቱ በውኃው ብዛት ነጭ ሆኖ ተሸብሽቦ ነበርና ስልኩ ጌታውን ለመለየት በጣም ተቸገረ። በስተመጨረሻ ተከፈተ። ተቆጣጣሪው ቲኬቱን አየ፣ ሃይላንዱን አየ፣ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ተሳፋሪ ሄደ።

ወእምዝ በቦናመስ ወርደው ወደ ሕንፃችን ደረሱ። አሳንሰሩ እንደ ሞተ ነበር። ዘገዬ ሁለት እጁ ስለተያዘ የደረጃውን ብረት ሳይደገፍ፣ በየፎቁ እየቆመ፣ እያለከለከ ወጣ። በአራተኛው ፎቅ እኔ በበሬ ላይ ቆሜ ነበር፤ ነገሩን ስሰማ ተከተልኩ። ምንም አልተሸከምኩም፤ ለታሪክ አስፈልግ ነበርና ራሴን ጠብቄ ወጣሁ።

በሰባተኛው ፎቅ እትዬ እታለም የታመመ እግራቸውን በበርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ገላነሽ የሆስፒታል ሻንጣቸውን እያዘጋጀች ነው፤ ሻንጣው ግን አልተዘጋም፣ ጠበሉ ሳይመጣ አይዘጋም ብለዋልና። ዘገዬ ገባ። ሁላችንም በበሩ ታጨቅን። እንዲህ ያለ ድካም ደክሞ እንዲህ ያለ ድል አድርጎ የመጣ ሰው በቀጥታ ሄዶ ጠርሙሱን ቢያቀብል ኖሮ ይህ ዜና እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። እርሱን ግን ያሳደጉት እትዬ እታለም ናቸው፤ ለታላቅ በአንድ እጅ አይሰጥም ብለው፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው አስቀድሞ ጉልበት ይስማል ብለው ነው ያሳደጉት። ስለዚህ ዘገዬ በሁለት እጁ ሊያቀርብ አውራ ጣቱን ነቀለ፣ ጉልበት ሊስምም በጥልቀት ጎንበስ አለ።

ሃይላንዱም አብሮት ጎንበስ አለ። ከሽቫንሃይም ጀምሮ በትራም፣ በኡ-ባን፣ በሰባት ፎቅ የተጠበቀው ጠበል በአንድ ጊዜ ግልብጥ ብሎ በእትዬ እታለም ግራ ጉልበት ላይ ፈሰሰ።

ገላነሽ ክፍቱን ሻንጣ አየች። እኔ የሚቀጥሉትን ስምንት ወራት አየሁ። ዘገዬ ባዶውን ሃይላንድ እንደያዘ ቀረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ይህንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ያ ጉልበት እርሱን ልጅ ሆኖ ያስተኙበት ጉልበት ነውና እንደዚያን ጊዜ ያዘነበት ቀን የለም። እትዬ እታለም የረጠበ ቀሚሳቸውን አዩ፣ ጉልበታቸውን አዩ፣ በመዳፋቸው አሻሹት፣ አማተቡም። ከዚያም ቃላቸውን አሰሙ።

«እኔ ለአፌ ነበር ያሰብኩት፤ እግዜር ግን የሚያመኝን ቦታ ያውቃል። ገላነሽ፣ ሻንጣዬን ዝጊ። አንተ ደግሞ፣ ያ ክዳን የት ሄደ?»

ዘገዬም ተናዘዘ፤ ጥርሱን፣ ደፉን፣ ፍርግርጉን፣ ሁሉን ተናገረ። ገላነሽም የሻንጣውን ዚፕ እስከ ዳር ስባ ዘጋች። እትዬ እታለምም ለሕንፃው ሁሉ ሕግ ሆኖ የቀረውን ይህን ፍርድ ሰጡ።

«ከእንግዲህ እግዜርም ሆነ ጀርመን ያሰረውን አትፍታ።»

በማግስቱ ማለዳ፣ በጀርመን ሰባት ሰዓት ሳይሞላ፣ ነጠላቸውን ለብሰው በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። አሳንሰሩ በተሰበረ በአራተኛው ወር ደግሞ ሰባቱን ፎቅ በገዛ እግራቸው ወርደው፣ በእኔ በር ሲያልፉ ከዘራቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡኝ።

እንግዲህ ይህን ዜና የምታነቡ ሁሉ ከእኛ ጋር ዘገዬን አወድሱ፤ መዋዔ ደረጃን፣ ዐቃቤ ጠበልን፣ ስልክ እንኳ እስኪክደው ድረስ አውራ ጣቱን የሰጠውን። የትራም መወዛወዝ ያልፈታውን፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያላሸነፈውን፣ አክብሮት ብቻ የረታውን አወድሱ። ከሁሉም በላይ ግን ባለፈው ሐሙስ ያየሁትን መዝግቡለት። በሕንፃው ደጃፍ ቆሞ ክዳኑ የታሰረ ሃይላንድ ከፈተ፣ ወደ አፉ አስጠጋ፣ ክዳኒቱም ዞራ አፍንጫውን ወጋችው፣ ውኃው በደረቱ ወረደ፤ ዘገዬም ዝም ብሎ ጠጣ።