አያ ወንዴ ከቆቅ አምባ ወርደው እስኪደርሱ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የቆቅ አምባ የተራራ ሩጫ ወዳጆች ማኅበር
የ2018 ዓ.ም. ሁለተኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡10
ቦታ፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቆቅ አምባ ግርጌ፣ በአቶ አዳነ ሚኒባስ ውስጥ። ስብሰባው ሜዳ ላይ እንዲሆን ታስቦ በብርዱ ምክንያት ወደ ሚኒባሱ ተዛውሯል። በተራራው በኩል ያለው የሚኒባሱ ተንሸራታች በር አልዘጋ ስላለ ብርዱም አብሮ ተዛውሯል።

የተገኙ አባላት

1. መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ሰብሳቢ። የቅኔ መምህር፤ ሻሻቸውን ጠምጥመው የሚሮጡ።
2. ወ/ሮ ራቢዓ፣ የንብረት ኃላፊ። ቅመም ነጋዴ። የማኅበሩ ብቸኛ ንብረት የሆነው ፊሽካ አንገታቸው ላይ ነው።
3. አቶ ኢልያስ፣ የውድድር ኃላፊ። ጨርቅ ነጋዴ። አራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ የወጡ፤ ይህን ያልሰማ ሰው ጎንደር ውስጥ እንዳይቀር የሚተጉ።
4. አቶ አዳነ፣ የትራንስፖርት ኃላፊ። የሚኒባሱ ባለቤትና ሾፌር፣ የበሩም ተጠያቂ።
5. ወ/ሪት ሕሊና፣ ጸሐፊ። የፋርማሲ ባለሙያ። "የእጅ ጽሑፍሽ ሸጋ ነው" ተብላ ተሸንግላ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ያልተገኙ

6. አያ ወንዴ፣ የማኅበሩ መሥራች። ጡረታ የወጡ አናጢ፣ የፀዳ ከተማ ነዋሪ፣ ዕድሜ 71። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጡ። ዛሬ ጠዋት ከሁላችንም ጋር መጥተው፣ "ትንሽ ጉዳይ አለችኝ፣ መጣሁ" ብለው ምርኩዛቸውንና አንድ ከረጢት ይዘው ወደ ላይ ሄደዋል።

ምልአተ ጉባኤ፦ ማኅበሩ ስድስት አባላት አሉት፤ ስድስቱም የኮሚቴ አባላት ናቸው። አምስቱ ስለተገኙ ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሆኖም የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 4 "ማንኛውም የማኅበሩ እንቅስቃሴ የመጨረሻው አባል ሳይደርስ አይዘጋም" ይላል። አንቀጹ የወጣው ለሩጫ ነበር፤ አናት ላይ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ የመጨረሻውን ሰው ቆሞ እንዲጠብቅ። ኋላ ግን ለስብሰባም ይሠራል ተባለ። ስለዚህ ስብሰባውን መጀመር እንጂ መዝጋት አይቻልም።

መክፈቻ፦ ሰብሳቢው "ሰላም ለኵልክሙ" ብለው ጸሎት አደረሱ። ወ/ሮ ራቢዓና አቶ ኢልያስ ዱዓ አደረጉ። አቶ አዳነ በሩን በትከሻቸው ገፉት። አልተዘጋም።

አጀንዳ 1፦ ወ/ሮ አምሳል በእሾህ የዘጉብን መንገድ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ወደ ቆቅ አምባ የሚያወጣው ብቸኛ መንገድ በወ/ሮ አምሳል የባቄላ ማሳ በኩል ያልፋል። ማሳው አጥር፣ አጥሩም የእንጨት መዝጊያ አለው። ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ላይ መዝጊያውን ክፍት ትተነው በማለፋችን የጎረቤት በሬዎች ገብተው ባቄላውን እንዳይሆን አድርገውታል። ወ/ሮ አምሳልም መንገዱን በእሾህ ከርችመውታል። እሾሁ ካልተነሣ ኅዳር 20 ቀን የሚደረገው ዓመታዊ ሩጫ ይቀራል።

መዝጊያውን ክፍት የተወው ማን እንደሆነ ተጠየቀ። አቶ ኢልያስ ከኋላቸው ለሚመጡት ለአቶ አዳነ መተዋቸውን ገልጸው፣ አንደኛ የወጣ ሰው በር ሲዘጋ የት አገር እንደታየ ጉባኤውን ጠየቁ። አቶ አዳነ ለወ/ሮ ራቢዓ፣ ወ/ሮ ራቢዓ ለመሪጌታ፣ መሪጌታ ለጸሐፊዋ መተዋቸውን አስረዱ። ጸሐፊዋ ከኋላዋ ለሚመጡት ለአያ ወንዴ ትታዋለች። አያ ወንዴ በዕለቱ ጉንፋን ይዟቸው ቀርተው እንደነበር ሲነገራት፣ ይህን ታውቅ እንደነበር፣ ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ከኋላዋ ሰው ስለለመደች ዞር ብላ እንኳ አለማየቷን ተናገረች። አቶ ኢልያስ ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጸሐፊዋ በራሷ ሥልጣን ወስናለች።

ሰብሳቢው ለወ/ሮ አምሳል የይቅርታ ቅኔ ለመቀኘት ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ራቢዓ፣ ሴትዮዋ የተበላባት ባቄላ እንደሆነ አስታውሰው፣ "ቅኔውን ክክ ታድርገው?" ሲሉ ጠየቁ። አቶ አዳነ ለበሬዎቹ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ አሉ። አቶ ኢልያስ ሩጫው ከአናት ተነሥቶ ግርጌ እንዲያልቅ ሐሳብ አቀረቡ፤ አናቱ ላይ በየት በኩል እንደሚወጣ ሲጠየቁ፣ እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው ብለው አለፉት።

ከረጅም ውይይት በኋላ ወ/ሮ አምሳል ዘንድ ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። ወ/ሮ አምሳል ውሻ እንዳላቸው ሲሰማ አምስቱም ተሰብሳቢዎች ሥራ እንደሚበዛባቸው አስረዱ። ስለዚህ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ ያለ አባላት ተቋቁሟል።

አጀንዳ 2፦ አናት ላይ ስለሚጠበቅበት ጊዜ

አጀንዳውን ያቀረቡት አቶ አዳነ ናቸው። ባለፈው ዓመት ሩጫ አናት ላይ ለደረሱ ሰዎች ጸሐፊዋ የያዘችው ሰዓት ተነበበ፦ አቶ ኢልያስ 52 ደቂቃ፣ አቶ አዳነ 1 ሰዓት ከ10፣ ወ/ሮ ራቢዓ 1 ሰዓት ከ25፣ መሪጌታ 1 ሰዓት ከ40፣ ሕሊና 1 ሰዓት ከ55፣ አያ ወንዴ 3 ሰዓት ከ5። አቶ አዳነ ሁለት ሰዓት ያህል ነፋስ ላይ ቆመው ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ የጥርስ ሙሌታቸው መውለቁን ተናገሩ። ጉባኤው ክፍተቱን አይቷል። ደንቡ የመጨረሻው አባል ሳይደርስ አይዘጋም ስለሚል ያለው መፍትሔ የመጨረሻውን አባል ከአባልነት ማውጣት ነው አሉ። በመሆኑም በሁለት ሰዓት ውስጥ አናት ያልደረሰ አባል "በክብር እንዲሰናበት" ሐሳብ አቀረቡ። ስም አልጠሩም።

ወ/ሮ ራቢዓ፣ "ምነው አዳነ? ጫማ ማሰር እንኳ ያስተማሩህ እሳቸው አይደሉም? ይህን ፊታቸው ቆመህ ትለዋለህ?" ሲሉ ጠየቁ። አቶ አዳነ እንደማይሉት አመኑ። ሌላውም ተጠየቀ፤ የሚል አልተገኘም። ስለዚህ አያ ወንዴ ሳይደርሱ ውሳኔው ተጠናቆ እንዲያልቅ ስምምነት ላይ ተደረሰ።

ልክ 4፡01 ሲሆን አያ ወንዴ ከላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ብቅ አሉ። አቶ ኢልያስ በሙያቸው ገምተው፣ በአያ ወንዴ እርምጃ ቁልቁለቱ አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅ አስታወቁ። በቂ ጊዜ አለ ተባለ።

2.1 የሁለት ሰዓቱ ገደብ በአራት ድጋፍና በወ/ሮ ራቢዓ ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች። እዚህ ላይ ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። እጅ በሚቆጠርበት ጊዜ አያ ወንዴ ከሩቅ ምርኩዛቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ታይተዋል፤ ምክንያቱ አልታወቀም።

2.2 አቶ ኢልያስ፣ አንዴ ከተጀመረ አይቀር ማኅበሩ ጥራት ያስፈልገዋል፤ ገደቡ 1 ሰዓት ከ50 ይሁን አሉ። ጸሐፊዋ በአምስት ደቂቃ ምክንያት የምትወጣ መሆኗን ገልጻ አጥብቃ ተቃወመች። በሦስት ለአንድ፣ በወ/ሮ ራቢዓም ተአቅቦ አለፈ። ጸሐፊዋ የራሷን መሰናበት በሸጋው የእጅ ጽሑፏ ጽፋለች። ሌላ ጸሐፊ ስላልተገኘ በእንግድነት እንድትቀጥል ተፈቀደላት። አያ ወንዴ ምርኩዛቸውን ዳግመኛ አነሡ።

2.3 እንግዳዋ ጸሐፊ ድምፅ ባይኖራትም አፍ ስላላት፣ ገደቡ 1 ሰዓት ከ30 ቢሆን ማኅበሩ ይበልጥ እንደሚጠራ አስረዳች። ይህም ሰብሳቢውን ያስወጣል። ሰብሳቢው "እግዚኦ!" ብለው፣ ሻሻቸው ነፋስ ስለሚይዝ አሥር ደቂቃ እንዲቀነስላቸው አመለከቱ። ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ሐሳቡ በሁለት ለአንድ አለፈ። ወ/ሮ ራቢዓ አሁንም ታቅበዋል። ሰብሳቢው ወደ ኋላ ወንበር ተዛወሩ።

2.4 መሪጌታ ከኋላ ወንበር ሆነው ገደቡ 1 ሰዓት ከ20 እንዲሆን ጠየቁ። በሁለት ለአንድ አለፈ፤ ወ/ሮ ራቢዓ ወጡ። ፊሽካውን እንዲያስረክቡ ቢጠየቁ መልሳቸውን በፊሽካው ሰጡ። አቶ ኢልያስ ለትንሽ ጊዜ በአንድ ጆሯቸው ብቻ ተሳትፈዋል። አያ ወንዴ ምንጩን አልፈዋል።

2.5 ወ/ሮ ራቢዓ ገደቡ አንድ ሰዓት ይሁን አሉ። አቶ አዳነ፣ "በገዛ ማኪናዬ ውስጥ ተቀምጣችሁ እኔን?" ብለው ሞተር ለማስነሣት ቃጡ። ድምፅ አንድ ለአንድ ሆነ። አቶ ኢልያስ ሰብሳቢ ስለሌለ ተጠባባቂ ሰብሳቢ እኔ ነኝ ብለው ለሁለተኛ ጊዜ እጃቸውን አወጡ። አቶ አዳነ በመሪው ላይ እንደተቀመጡ ተሰናበቱ።

2.6 የማኅበሩ ብቸኛ አባል አቶ ኢልያስ ሆኑ። ምልአተ ጉባኤው ሙሉ መሆኑን አረጋግጠው ሐሳብ ያለው ካለ ብለው ጠየቁ። አልነበረም። "እንግዲህ ኅዳር 20 ብቻዬን አናት ላይ ወጥቼ ማንን ነው የምጠብቀው? አንደኛ መውጣቴንስ ማን ያይልኛል?" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ነፋሱ ነው ብለዋል። የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። ነገር ግን ሐሳቡን የሚደግፍ ሌላ አባል ስለሌለ መሻር አልተቻለም።

ጉባኤው በዚህ ችግር ላይ እንዳለ፣ ከረፋዱ 4፡32 ሲሆን አያ ወንዴ በሩ ላይ ደረሱ። አርባ ደቂቃ የተባለውን በሠላሳ አንድ ወርደውታል። አያ ወንዴ ማኅበሩን ሲቀድሙት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ልዩ ልዩ

አያ ወንዴ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጠዋት የሄዱት ወ/ሮ አምሳል ዘንድ እንደነበር ተናገሩ። ከረጢታቸው ውስጥ የነበረው መዶሻና ሚስማር ነው። መዝጊያውን ጠግነዋል፣ ያጋደለውን አጥር አቅንተዋል፣ በሁላችንም ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለ ውሻው ተጠይቀው፣ ሸጋ ውሻ መሆኑን መሰከሩ። ወ/ሮ አምሳል እሾሁን አንሥተዋል፤ አንድ ነገር ግን አስምለዋቸዋል። ሯጭ በማሳቸው የሚያልፈው አያ ወንዴ ከሁሉ ኋላ መጥተው መዝጊያውን የሚዘጉ ከሆነ ብቻ ነው፤ እሳቸው የሌሉበት ቀን ማንም ዝር አይልም። አያ ወንዴ ሳያማክሩን ቃል በመግባታቸው ይቅርታ ጠየቁ።

አያ ወንዴ ቀጠሉ። ንግግራቸው እንዳለ ተይዟል፦

"ልጆቼ፣ አልዋሻችሁም። ጠዋት ስወጣ በቃኝ ልላችሁ ነበር። እኔ አንድ ሽማግሌ ስንፏቀቅ እናንተን ብርድ ላይ ማቆየቱ አሳፍሮኛል። ለወይዘሮዋም 'የዘንድሮን ብቻ' ልላት አስቤ ነበር። አይ አለችኝ። እሷንስ እንዴት አድርጌ እመልሳታለሁ እያልኩ ስወርድ፣ ቀና ብል ከማኪናዋ ውስጥ እጃችሁን ታወጡልኛላችሁ። እኔም ምርኩዜን አነሣሁላችሁ። አንዱ ሲያወርድ ሌላው ያነሣል፤ ደግሞ እንደገና! ባለቤቴ ሸዋአየሁ ካረፈች ወዲህ በር ከፍቶ የሚጠብቀኝ ሰው የለኝም። በዚህ ብርድ በሩን ከፍታችሁ ስትጠብቁኝ ጊዜ... ደስ አለኝ። ጉልበቴን ረስቼ ሮጥኩ።"

ጸሐፊዋ ለሦስት ደቂቃ ያህል አልጻፈችም። አፍራለች። አቶ አዳነ ያለ ምክንያት የዝናብ መጥረጊያውን ከፍተው ዘጉ። ወ/ሮ ራቢዓ ነጠላቸውን አውልቀው አያ ወንዴ ትከሻ ላይ ጣሉ።

አያ ወንዴ ጉባኤው ምን ሲወያይ እንደቆየ ጠየቁ። መሪጌታ፣ "ስለ አንቱ ነበር፣ አያ" አሉ። ዋሽተዋል ማለት አይቻልም።

በአንቀጽ 4 መሠረት የመጨረሻው አባል ሳይደርሱ የተዘጋ ውሳኔ ስለሌለ፣ ስድስቱም አባላት በተገኙበት የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. ያለ አባላት የተቋቋመው ንዑስ ኮሚቴ ተልእኮው ስለተፈጸመ ከምስጋና ጋር ፈርሷል።

ለ. በአጀንዳ 2 ሥር የተወሰነው ሁሉ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ተሽሯል። የተሰናበቱ ሁሉ ያልተሰናበቱ ናቸው። ገደብ የሚባል ነገር የለም። አናት ላይ የሚጠበቀው አያ ወንዴ እስኪደርሱ ነው፤ ሙሌት ቢወልቅም።

ሐ. ከ4፡01 እስከ 4፡32 ባለው ጊዜ በሚኒባሱ ውስጥ የወጡ እጆች በሙሉ ለአያ ወንዴ ሰላምታ ለመስጠት የወጡ መሆናቸው እንዲመዘገብ ተወስኗል።

ውሳኔዎቹ በአንድ ድምፅ ጸደቁ። አምስቱ አባላት እጃቸውን ሲያወጡ አያ ወንዴ ምርኩዛቸውን አነሡላቸው፤ እንደ ድምፅ ተቆጥሯል።

አያ ወንዴ ገብተው፣ "ይህ በር ምነው?" ብለው ከታች ትንሽ አነሣ አድርገው ገፉት። ተዘጋ። የመጨረሻው አባል ስለደረሱ ስብሰባው ከረፋዱ 4፡55 ላይ አብሮ ተዘግቷል።

ቃለ ጉባኤውን የያዘችው፦ ሕሊና፣ ከመጨረሻ ሁለተኛ

ግልባጭ፦ ለአያ ወንዴ (አጀንዳ 2 ሳይያያዝ)